አሥራ ሁለት ጊዜ ያየሁት ፊልም

ባሌን ዶላሞን ሰው ሁሉ «ምስኪን፣ ተገዶ ነው» ይለው ነበር። እኔ ከበቡሽ ሚስቱ ነኝ፤ ተገዶ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ተገዶ የሚሄድ ሰው ቅዳሜ በጠዋት ተነስቶ ሸሚዙን በከሰል ካውያ አይተኩስም።

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ። ዶላሞ ፊልም ይወድ ነበር። ያውም ጥሩ ፊልም አይደለም፤ ጥሩ ፊልም ጂንካ መቼ ደርሶ ያውቃል። የሚወደው ያንን የማይረባ፣ ሰው ለቀልድ የሠራው የሚመስለውን የህንድ ፊልም ነው። እኔም እወድ ነበር። ልዩነታችን፣ እሱ «ታዝዤ ነው» የሚልበት አፍ ነበረው፤ እኔ እሱም አልነበረኝም።

ዓመተ ምሕረቱ 1980 ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ቆይቷል፤ በየሰው ቤት በር ዘግተን፣ ድምፃችንን ውጠን ነበር የምንዘምረው። ሽማግሌያችን ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ፊልም ሲባል ፊታቸው ይለዋወጣል። «ሰይጣን ያኔ በእባብ መጣ፣ ዘንድሮ በሸራ ላይ መጣ» ይሉ ነበር። ዶላሞን ግን አይናገሩትም። ዶላሞ የእርሻ መሥሪያ ቤት የዘር መጋዘን ጠባቂ ነው፤ የአገሩን ቋንቋ አሪኛንም አማርኛንም ጥንቅቅ አድርጎ ይችላል፤ ቀበሌው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሹ የሚያሳየውን ፊልም «ለሰፊው ሕዝብ በቋንቋው አስረዳ» ብሎ አዞታል። እምቢ ብሎ የት ይገባል? እኔን ግን ማንም አላዘዘኝም። ቅዳሜ፣ ደንበኛ በሚበዛበት በገበያ ቀን፣ የስፌት መኪናዬን በጨርቅ ሸፍኜ «የባሌን ምሳ ላድርስ» ብዬ እወጣለሁ። ምሳ አድርሳ ሦስት ሰዓት የምትቀመጥ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሥርዓት ነበረው። ከሸራው ግርጌ የምትሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንድ አስተማሪ እያነበበ በአማርኛ ይናገራል፤ ዶላሞ ይቀበልና በአሪኛ ይለዋል። አስተማሪው ወደ ጎፋ ተዛወረ። ዶላሞ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ህንድኛውንማ ተዉት። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከሸራው አጠገብ ቆሞ እንዳሻው ያወራው ጀመር። የዋናውን ሰውዬ እናት የእኛው አገር የባኮ ሴት አደረጋት። ክፉውን ሰው ባላባት አደረገው፤ ካድሬዎቹ ደስ አላቸው። የረሳውን ከሆዱ ይሞላል። ከተራራው ለገበያ የወረደ ገበሬ ሁሉ ገብስና ቆጮውን ሽጦ ወደ አዳራሹ ይመጣ የነበረው ለፊልሙ ሳይሆን ለዶላሞ አፍ ነበር።

ፊልሙ ራሱማ ምን ይወራል። ሰውዬው ደረቱ ላይ ሦስት ጥይት ይመታል፤ ይወድቃል፤ ከዚያ ይነሳና ይዘፍናል። ሲዘፍን ደሙ የለም፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ደሙ ይመለሳል። በር ሲገባ ጢሙ ቀጭን ነው፣ በሌላው በር ሲወጣ ወፍራም። ሊነድፈው የሚመጣው እባብ የሚጎተትበት ሲባጎ ፊት ለፊት ይታያል፤ እኛ ግን ሲባጎውን እያየን «ዞር በል!» እንለዋለን። ዓይነ ስውሯ እናቱ ደወል ሲደወል ዓይኗ ይበራል። በዚህ ሁሉ እንስቃለን፤ ልክ እናቱ ልጇን ስታቅፈው ደግሞ አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል። እኔ በአሥራ አንደኛውም ጊዜ አልቅሻለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ «ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ» እላለሁ፤ ሰኞ ግን የሚመጣውን ቅዳሜ እቆጥራለሁ።

አሥራ አንድ ጊዜ ያየነው ወደን አልነበረም። የዚያ ዓመት በልግ ጥሎ አላባራ አለ። አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሜዳ ጭቃ ሆነ፤ ወይጦ ወንዝ ሞልቶ መኪና አላሳልፍ አለ። ፊልሙን የሚወስድ፣ ሌላ የሚያመጣ ጠፋ። ሰውም እንደዚያው፤ መውጣት የለ፣ መግባት የለ። እኔስ ያንን ፊልም ባላገኝ በዚያ ወራት አብድ ነበር፤ ምክንያቱም ቤቴ ውስጥ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ።

ጭንቀቴ ሶርሳ ነው። ሶርሳ የዶላሞ ታናሽ ወንድም ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ እኔ ቤት መጣ። እግዚአብሔር ማህፀኔን አልከፈተልኝም፤ ልጄ ሶርሳ ነው፤ «እትዬ» ቢለኝም ልጄ ነው። በዚያ ዓመት አሥራ ስምንት ሞላው። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ቀበሌ ተጽፏል። ጎረምሳ ከገበያ መሐል፣ ከመንገድ ላይ እየታፈሰ በኤንትሬ የጭነት መኪና ይጫንና ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ከሄዱት ደብዳቤ የጻፈ አንድም አልነበረም። ስለዚህ ልጁን ወደ ተራራው፣ አጎቱ ዘንድ ሰደድነው። እንሰት ውስጥ ተደብቆ ይውላል። ዶላሞም እኔም የምንጸልየው አንድ ጸሎት ብቻ ሆነ፤ ሶርሳ እንዳይያዝ።

ልጁ ከእኛ ይሻላል። መዝሙር ይወዳል፣ አይዋሽም፣ ፊልም የሚባል አይቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ጋሼስ ታዞ ነው፤ አንቺ ግን ለምን ትሄጃለሽ?» ብሎኛል። «ምሳ ነዋ» አልኩት።

አሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ሰኔ ላይ ነበር። ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ቆም ብሎ መንገዱ ተከፍቷል፤ ሰው ግን ፊልሙ ሊሄድብን ነው ብሎ አዳራሹን ሞልቶታል። መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፍነዋል፤ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። እባቡ ሊመጣ ሲል በሩ ተከፈተና ብርሃን ገባ። ሶርሳ ነው። አጎቱ ቤት ጨው አልቆ ሊገዛ ወርዶ፣ ቤት ሲሄድ ተቆልፎ አገኘው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ጎረቤት የት እንዳለሁ ነገረችው። ምስጢሬ መታወቁን የማላውቅ ለካ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጎንበስ ብሎ መጣና «እትዬ፣ ቁልፍ» አለኝ።

መነሳት ነበረብኝ። ክንዱን ይዤ፣ በጓሮ በጓሮ ቤቴ አድርሼው፣ ሲመሽ ወደ ተራራው መሸኘት ነበረብኝ። ይህን አሁን አይደለም የማውቀው፤ ያኔም አውቀው ነበር። ግን እባቡ ሊመጣ ነው። «ትንሽ ናት የቀረችው፤ ቁጭ በል፣ አብረን እንሄዳለን» አልኩት።

«ኃጢአት ነው፣ እትዬ።»

«የሚያወራው ወንድምህ አይደል? ተቀመጥ።»

ታዛዥ ልጅ ነው። ወንዶቹ ጋ ሄዶ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ሰው «ዞር በል!» ሲል ቀና አለ። ሲባጎውን አየና ሳቀ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን አልነቀለም። አፉን ከፍቶ ሲያይ ስመለከተው የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ። በሕይወቴ ለዚያ ልጅ ከሰጠሁት ሁሉ ይህ ያስደሰተው መሰለኝ። ዶላሞ ግን ጨለማው ውስጥ ሶርሳ መኖሩን አላየም፤ ልጁ ተራራ ላይ እንዳለ ነው የሚያውቀው።

በዚህ መሐል የቀበሌው ምክትል ሊቀመንበር ተፈሪ በጎኑ በር ገብቶ ለዶላሞ በጆሮው አንድ ነገር አለውና ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ያለውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ «እስክነግርህ ማውራትህን እንዳታቆም» ነው ያለው። ዶላሞ በተገረበበው በር ሲያይ ኤንትሬው ደጅ ቆሟል፤ አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃ ይዘው ዋናውን በር ከበዋል፤ ጥቂቶቹ ወደ ጓሮ ሊዞሩ ነው። ፊልሙ ወጥመድ ነበር፤ ማባበያው ደግሞ የእሱ አፍ። ወጣቱን «አምልጡ» እንዳይል ተፈሪ ጂንካ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አሪኛ እንደ እናቱ ቋንቋ ያውቃል። የማያውቀው ፊልሙን ነው። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ሸራው ላይ ሰውዬውና ልጅቷ ዛፍ እየዞሩ ይዘፍናሉ። ዶላሞ ጉሮሮውን ጠረገና በአሪኛ «ሰውዬው ሞተ» አለ። «ቤት ውስጥ እንዳለ ወታደር ከበበው። በጓሮ መስኮት ቢወጣ ይተርፍ ነበር፤ ዘፈኑ ጣመውና ቀረ፤ ሞተ።»

እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያንን ፊልም እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ይወጣዋል። ሰውዬው እንደማይሞት የማያውቅ የለም፤ ዶላሞም ቀልድ እንጂ ስህተት አያውቅም። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ጆንያ ተገለጠ፤ ብርሃን ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደግሞ ሌላ። እያንዳንዱ ብልጭታ አንድ የሰው ልጅ ነው፤ አሥራ አራት ወጡ ይላሉ። ተፈሪ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ያንጎላጃል።

ከሁሉ ይልቅ ፊልሙን የማውቅ፣ ባሌን የማውቅ እኔ ምን አደረግሁ? ተናደድኩ። ደክሞት ነው፣ ወይ ሰልችቶት ይቀልዳል አልኩ። ዛሬን አግኝቶ! ልጄ በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢያይ ሊያበላሽበት! ዘልዬ ተነሳሁና በአሪኛ ጮህኩ፤ «ውሸቱን ነው! ሰውዬው አይሞትም! ሶርሳ፣ አትስማው፣ ቁጭ በል፣ ገና ይነሳል!»

የዶላሞ ድምፅ ተቋረጠ። እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ጨለማው ሲያፈጥ አየሁት። ያኔ ገባኝ። ገብቶኝ ምን ላድርግ? ተፈሪ ነቅቶ ዞሯል፤ የተገለጠውን ጆንያ አይቶ ፊሽካውን ነፋ። ዶላሞ ሁሉን ጥሎ በአሪኛም በአማርኛም «ሶርሳ፣ ሩጥ! ሶርሳ!» እያለ ጮኸ፤ በጠመንጃ ሰደፍ ከመመታቱ በፊት የተናገረው የመጨረሻ ቃል ያ ነው። ሶርሳ ተነስቶ ቆሟል። አንዴ ወንድሙን ያያል፣ አንዴ እኔን ያያል፤ ማናችንን እንደሚያምን አላወቀም። እዚያው እንደቆመ ያዙት።

ሃያ ሁለት ልጅ ጫኑ። እናቶች መኪናውን ከበው ይጮሃሉ። እኔ ጩኸቴን ጨርሼ ነበር። እየተጋፋሁ ሄጄ ኤንትሬው ጎን ደረስኩ፤ ሶርሳ ከላይ አጎንብሶ አየኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እትዬ፣ እውነት ይነሳል?» አለኝ።

«ይነሳል» አልኩት።

«ከዚያስ?»

ነገርኩት። ሦስቱን ጥይት፣ ዘፈኑን፣ ደወሉን ነገርኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ እየሮጥኩ የእናቱ ዓይን እንዴት እንደሚበራ ነገርኩት። እሱ አንገቱን አስግጎ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። እናቱን የሚያቅፋት ጋ ሳልደርስ መኪናው ጥሎኝ ሄደ።

ዶላሞን ሁለት ወር አስረው ለቀቁት። ግራ እጁ ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። ቤተ ክርስቲያናችን ሲከፈት ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በጉባኤ ፊት አቅፈውት አለቀሱ። በ83 መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በእግሩ እየመጣ በከተማችን አለፈ። አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ውሃ ሰጠሁ፣ ቁስል አጠብኩ፣ ሶርሳ የሚባል የአሪ ልጅ አይታችኋል ወይ አልኩ። ያየ የለም።

እስከ ዛሬ ሰው ሲጠይቀው ዶላሞ «በግልጽ መናገር ሲገባኝ ፈርቼ ነው፤ ልጁን ያስበላሁት እኔ ነኝ» ይላል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ። የነበሩት ሁሉ ያውቃሉ፤ ግን እሱ ሲናገር ሰው በምን አፉ ያርመዋል። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ፣ አንድ ቀን «አንቺ ነሽ» ቢለኝ እገላገል ነበር። አምላኬን ይቅር በለኝ ማለት እንኳ አቃተኝ፤ በደሌን ባሌ ወስዶ የራሱ አድርጎታል።

አምና አልቻልኩም። እራት በልተን ሳህኑን ሳላነሳ «ዶላሞ፣ ያን ቀን የጮህኩት እኔ አይደለሁም ወይ?» አልኩት።

በደህናው እጁ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «የጮኸ ሰው አልሰማሁም፣ ከበቡሽ» አለኝ።