ሰኞን ምን ይሉታል?

ሚሊኒየሙ የተከበረ ሰሞን ነው። ፖርቱጋል ሄጄ እንድማር ዕድል ማግኘቴን ስነግራቸው አባቴ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ዲማ ላይ ቄስም የቅኔ መምህርም ነበሩ፤ እኔም ልጃቸው ሆኜ እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነበር የምላቸው።

«ፖርቱጋል? እነዚያ ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡ የመጡት?»

«ኧረ የኔታ! እሱ እኮ ስንት ዘመኑ!»

«ዘመኑስ አለፈ፤ ሰዎቹ የት ሄዱ?»

ምርቃታቸውን ሳልይዝ ንቅንቅ እንደማልል ያውቃሉ። ስለዚህ ከማስተምርበት ከማርቆስ በመጣሁ ቁጥር እንደ ሌባ ይመረምሩኛል። የቋንቋ መማሪያ መጽሐፌን ይገላልጡና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ካዩ «ይሄ የማነው?» ይላሉ። አንጀቴ እርር ይል ነበር። እኔም እኮ የሰው ልጅ አስተምራለሁ!

አንድ ቅዳሜ «እስቲ አንድ ቃል ከነሥሩ ንገሪኝ» አሉ። ይለዝቡልኝ ይሆናል ብዬ ሰኞን መረጥኩ።

«ሴጉንዳ ፌይራ ይሉታል። ሴጉንዳ ሁለተኛ ማለት ነው።»

«ሰኑይ!» አሉ ወዲያው፤ በግእዝም ሰኞ ሁለተኛው ቀን ነው። «ማክሰኞስ?»

«ሦስተኛ። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ።»

«ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ! ከኛ ወስደውት ነው።»

«አልወሰዱም። እነሱም ከእሑድ ጀምረው ስለሚቆጥሩ ነው።»

አላመኑኝም። «ፌይራ ያልሽውስ?»

«ዛሬ ገበያ ማለት ነው። ድሮ በላቲን ግን በዓል፣ የዕረፍት ቀን ማለት ነበር። ቀኖቹ በጣዖት ስም እንዳይጠሩ ብለው የጥንት ጳጳሶች ናቸው እንዲህ ያሏቸው ይባላል።»

«አየሽ! ላዩ ገበያ፣ ውስጡ በዓል፤ ኅብር ነው። ኅብር የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው አያጣም።»

«እርስዎስ ዕድሜ ልክዎን ኅብር አይደል እንዴ የሚያስተምሩት!» ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «የዛሬውስ? ቅዳሜ?»

«ሳባዶ። ሰንበት ማለት ነው፤ ምንጩም ከኛው ሰንበት ጋር አንድ ነው። እሑድ ደግሞ ዶሚንጎ ነው፤ የጌታ ቀን።»

በቃ፣ ረታኋቸው ብዬ ደስ አለኝ። ፊታቸው ግን ጭራሽ ጠቆረ። ስንት ወር ሙሉ ስለ ሃይማኖት ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ ለካ ነገሩ ወዲህ ኖሯል።

«ባዕድ ቢሆንብሽ ይሻለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሰኞው ሰኞ፣ ሰንበቱም ሰንበት ከሆነ፣ ምን ጎድሎሽ ትመለሻለሽ?»

እናቴ ካረፈች ወዲህ ከኔ ሌላ የኔ የሚሉት ሰው የላቸውም።

«እመለሳለሁ የኔታ። ማርያምን እመለሳለሁ!»

«አትማዪ» አሉና መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። ለመመረቅ አፋቸውን ከፈቱ። ዕውቀት ይግለጥልሽ፣ ትምህርቱ ይባረክልሽ ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

«ወጥቶ ከመቅረት ይሰውርሽ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።