ባንድ ዓይን የተሣሉት አቶ ባይለየኝ

የደብረ ታቦሩ ባለሀብት አቶ ባይለየኝ፣ የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ለከፈታት ትንሽ የሥዕል ሙዚየም አዲስ ቆርቆሮ አለብሳለሁ ብለው ያልማሉበት ስብሰባ የለም። ምላሳቸው ቤት ይሠራል፤ እጃቸው ግን ምስማር አያቀብልም። ክረምቱ ገብቶ ጣራው ሲያፈስ በየሥዕሉ ያሉት ቅዱሳን ላስቲክ ለበሱ፤ እሳቸው ግን "የደጋፊው ሥዕልስ የታለ?" ብለው መጡ።

ሰዓሊዋ ትርንጎ ሳትከራከር ሣለቻቸው፤ በጎን፣ ባንድ ዓይን።

"አፍንጫዬን አሳመርሽው!" አሉና አገር ምድሩን ለምርቃት ጠሩ።

ከገሳይ የመጡ አንዲት አሮጊት ቅዱሳኑን አንድ ባንድ ተሳልመው ከአቶ ባይለየኝ ሥዕል ሲደርሱ አማተቡ። "ልጄ፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ኃጥእ አይደል? ይሄኛው ይሁዳ ነው?"

የጣራው ጠብታ ከሥዕሉ ሥር የቆሙትን የአቶ ባይለየኝን ኮት ያረጥባል።

"ኧረ የለም እማማ" አለች ትርንጎ፤ "ይሁዳስ ኋላ ብሩን ከእጁ ለቋል።"