የስልኩ ዋስ

ጋሽ ገብረየስ እዚህ ካርቱም፣ ባሕሪ ውስጥ በርና አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው። ሐበሻው ግን በአናጢነቱ አይደለም የሚያውቀው፣ በዋስነቱ ነው። ፖሊስ “ከሻ” የሚሉትን አፈሳ ወጥቶ ወረቀት የሌለውን ሰው ሲይዝ “ዳማን አለህ?” ይላል። ዋስ አለህ ወይ ማለቱ ነው። ያኔ ለጋሽ ገብረየስ ይደወላል። መጋዙን አስቀምጦ፣ ቡኒ ኮቱን ደርቦ፣ ክራቫት አስሮ ይሄዳል። በዚያ ሙቀት! ክርስቲያን እስላም አይልም፣ የተያዘውን ሁሉ ያስፈታል።

ፋጤ ደግሞ የወሎ ልጅ ናት፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። አገር ቤት ትታት የመጣችው ልጇ ልታገባ ነው፣ ኒካው ጁምዓ። ፋጤ መሄድ አልቻለችም። እንግዲያው በቪዲዮ ልየው ብላ ስልክ ገዛች። ምን ዓይነት ስልክ መሰላችሁ! ካሜራው ብቻ... ተዉት፣ የስልክ ወሬ ከጀመርኩ አላቆምም። ማክሰኞ ስክሪኑ ጥቁር አለ፣ ኸላስ፣ አበቃ።

ወደ ሻጩ ወደ ኦመር ሮጠች። “ዳማኑን አምጪ” አላት። ከካርቶኑ ጋር የሚሰጠውን የዋስትና ወረቀት ማለቱ ነው፣ በዓረብኛ ቃሉ አንድ ነው። ፋጤ ግን የምታውቀው የፖሊሱን ዳማን ነው።

በነጋታው ኦመር ሱቅ ቆሜ ስልክ አያለሁ፣ እንደ ልማዴ ሳልገዛ። ፋጤ ገባች። ከኋላዋ ጋሽ ገብረየስ፣ በኮቱ።

“ዳማኑን አመጣሁ” አለች።

“የታል?”

“ይኸው ቆሟል!”

ኦመር ሳቀ፣ ጎረቤቱ ጂብሪልም ሳቁን ሰምቶ ከሱቁ ወጣ። “ወላሂ፣ ክራቫት ያሰረ ዳማን አይቼ አላውቅም!”

ኦመር ካርቶኑን አገላብጦ አየ። “ይሄ በሻንጣ ከዱባይ የገባ ነው። ዳማኑ እዚያ ነው የሚሠራው፣ እዚህ ማፊ፣ የለም።”

“ስትሸጥልኝ ዓመት ዳማን አለው አላልከኝም?”

“አለው። ዱባይ።”

ፋጤ ወደ ጋሽ ገብረየስ ዞረች። “ጋሼ፣ ኒካው እኮ ከነገ ወዲያ ነው!” እኔ እንዳላውሳት ስልኬ ባለ ቁልፍ ናት፣ አትሳቁ። የጋሽ ገብረየስም እንደኔዋ ናት።

ጋሽ ገብረየስ አልሳቀም። “ስማ ኦመር። ስልኩ ዋስ የለውም። እሷ ግን አላት። ከነዚህ ስልኮች አንዱን እስከ ቅዳሜ አውሳት። ቢሰበር፣ ቢጠፋ እኔን ያዝ።” የመኖሪያ ፈቃዱን አውጥቶ ባንኮው ላይ አስቀመጠ።

“ያ ዐሚ፣” አለ ጂብሪል ጋሼ ለማለት፣ “ያለ ወረቀት ወጥተህ ከሻ ቢይዝህ ላንተ ማን ዳማን ይሆናል?”

“አንተ ነሃ! ስትስቅብኝ ነው የመረጥኩህ።”

አሁን ጂብሪል ራሱ ከነሱ ወግኖ ኦመር ላይ መሳቅ ጀመረ። ኦመር ወረቀቱን አየ፣ ፋጤን አየ፣ ከመደርደሪያው አንድ ስልክ አወረደ። “ያላ፣ ውሰጂ። ቅዳሜ ግን!”

ጁምዓ ለት ፋጤ ክፍል ተሰበሰብን። ጋሽ ገብረየስ ኮቱን ለብሶ መጥቶ መደርደሪያ ላይ ካቆምነው ስልክ ሥር ተቀመጠ። ኒካው ሲታሰር ፋጤ እልል ብላ ስትዘል ስልኩ ተንሸራተተ፣ በሁለት እጁ ቀለበው።

“ቀስ በይ እንጂ! የምያዘው እኔ ነኝ!”

ስክሪኑን ፊቱ ሞላው። ከወዲያ ሙሽራዋ “እማ፣ ይሄ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ማነው?” አለች።

“የስልኩ ዋስ ነው ልጄ፣” አለች ፋጤ እያለቀሰች፣ “ሰላም በይው።”