የቻይናውን ትምህርት ወደ መንጌ ያወረድን ጊዜ

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታጠናለች። ባለፈው ሳምንት «ቻይናዎች አብዮትን ከማን ተማሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ንጉሡ በወረዱ ማግስት ተማሪ ሁሉ ለዘመቻ ገጠር ሲላክ፣ የእኔ ዕጣ ከአሶሳ ወዲያ ያለችው መንጌ ሆነች። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ቀለባችን የማሽላ ገንፎ በባሚያ። እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ ስለ ቻይና የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ እንድተረጉም ታዘዝኩ። የጥንት ቻይናዎች ንጉሥ ሲከፋ ሰማይ ዙፋኑን ነጥቆ ለሌላ ንጉሥ ይሰጣል ይሉ ነበር፤ አብዮት ለእነሱ ይኸው ነበር። በአያቶቻችን ዘመን ግን ጃፓን የተማሩ ወጣቶቻቸው የአውሮፓን ሐሳብ አነበቡና መገልበጥ ያለበት ዙፋኑ ራሱ ነው አሉ። ቆይቶ ደግሞ ጠላቱ ባለርስቱ ነው የሚለው መጣ። የመጨረሻው ምዕራፍ የባዕድ ሐሳብ ገበሬው ሳይጠየቅ ሲጫን ያደረሰውን ጥፋት ያትታል። አንብቤዋለሁ፤ ለመተርጎም ግን ረዘመብኝና ዘለልኩት። በሃያ ዓመቱ ስለ ጥፋት ማንበብ የሚወድ ማን አለ?

የቡድናችን መሪ ታደሰ ትርጉሜን እንደ ዳዊት ሸመደደው። አንድ ጠዋት አርባ የሚሆኑ ሰዎች የመንደሩን ሽማግሌ የሼክ ሐሚድን ማሽላ ሲያርሙ አገኘ። ክፍያ የላቸውም፤ የሚበሉት የሼኩን ገንፎ ነው። «ይኸው ባላባት!» አለና አብረውን የነበሩትን ፖሊሶች አዝዞ ሽማግሌውን አሳሰራቸው።

ልጃቸው ሐዋ መኮትኮቻዋን እንደያዘች መጣች።

«ነገ የምናርመው የእኔን እርሻ ነው። ከነገ ወዲያ የጎረቤት። ሁሉም ተራ አለው። ነገ እኔንም ታስራለህ?»

ታደሰ አመነታ። ወደ እኔ ዞረ። «የተረጎምሽው አንቺ ነሽ። መጽሐፉ ምን ይላል?»

የዘለልኩት ምዕራፍ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን በዚያ ዘመን አድኃሪ መባል ቀልድ አልነበረም። «ሰው በነፃ የሚያሠራ ባላባት ነው ይላል» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሼኩን በዚያ ጭቃ በእግራቸው አሶሳ ወሰዷቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥፋት አልተገኘባቸውም ተብለው ተለቀቁ። በዚያ ክረምት ግን ጎረቤቱን ለእርሻ የጠራ አልነበረም፤ ሁሉም ፈራ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታገል አረሙ ማሽላውን ዋጠው። እኛ እኮ የሄድነው በኅብረት መሥራትን ልናስተምር ነበር! ሐዋ እስክንወጣ ድረስ ሰላምታዬን አልመለሰችም።

ለልጅ ልጄ የቻይናውን ነገርኳት፤ የመንጌውንም ጨምሬ። «ያ ታደሰ የሚሉት ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» አለች። አላረምኳትም። ያን ታሪክ የሰማ ሁሉ የሚረግመው ታደሰን ነው። እሱ እኮ ጠይቆኝ ነበር።