ለሾፌር የተተከለ ምልክት

በደርግ ጊዜ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና የምንነዳ ሰዎች በጣም ጥቂት ነበርን። ከሩቅ በክላክስ ድምፅ እንተዋወቃለን። ክረምት ሲገባ ዋልካው ጎማ ይዞ ስለሚያስቀር ብዙው መኪናውን አቁሞ ቤቱ ይከርማል። እኔ የመንግሥት እህል ጫኝ ስለነበርሁ መክረም አልተፈቀደልኝም። ስለዚህ አንድ ቀን የአውራጃው ሰዎች "ለአሽከርካሪዎች የሚሆን ታሪካዊ የመንገድ ምልክት ሊተከል ነው" ሲሉኝ፣ አሽከርካሪ የሚሉት ማንን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገርሁም። እኔን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና መንገዱ ከመውጣቱ በፊት የሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨው በአጋሰስ ጭነው፣ ከጎንደር በኩል ዓባይን ተሻግረው፣ በሞጣና በቢቸና አድርገው ወደ ደጀን የሚወርዱበት የእግር መንገድ ነበር። መኪና መንገዱ እናቴ የምትኖርበትን ኮረብታ ዞሮ ሲሄድ የእግር መንገዱ ሰንጥቆት ያልፋል። ኃላፊዎቹ ይህ የሰፊው ሕዝብ ታሪክ ነው፣ በመኪና የሚያልፍ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል አሉ። ሐሳቡ ክፋት አልነበረበትም። እኔን ያደከመኝ ቋሚውን፣ ሳንቃውንና ቀለሙን ጭኖ የሚዞረው የእኔው ኤንትሬ የጭነት መኪና መሆኑ ነው።

ምልክቱ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚና በእነሱ ላይ በአግድም የተመታ ሳንቃ ነው። ከአብዮት በዓል የተረፈ ቀለም ስለነበር ሳንቃውን ቀይ ቀቡት። በላዩ "የሲራራ ነጋዴዎች ጥንታዊ መንገድ" የሚል ነጭ ጽሑፍና ወደ ሽቅብ የሚያመለክት ቀስት አለበት። በየቦታው ከተተከሉት ምልክቶች አንዱ የደረሰው ወደ እናቴ ቤት በሚያወጣው ቦታ ላይ ነው። ኃላፊው ከመኪና ውስጥ ሆኖ በደንብ መታየት አለበት ስላለ፣ የእግር መንገዱ አፍ ላይ መሐል ለመሐል ቆመ።

እናቴ ኮረብታው ላይ ጠላ እየሸጠች ትኖር ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ለቢቸና ገበያ የሚወርደው ሰው በደጇ ያልፋል፤ ሲወርድ ይጠጣል፣ ሲመለስ ደግሞ አረፍ ብሎ የሰማውን ሁሉ ያወራላታል። የጠላው ገቢ ያን ያህል አልነበረም፤ ያኖራት ወሬው ነው። ቢቸና እኔ ዘንድ ነይ ብዬ ስለምናት "እዚያስ ማን በደጄ ያልፋል?" ትለኝ ነበር።

ምልክቱ ከተተከለ ትንሽ ቆይቶ፣ በገበያ ቀን፣ መኪናዬን ከሥር አቁሜ ላምባና በርበሬ ይዤላት ወጣሁ። ደጇ ላይ ሰው የለም። ጠላው ኮምጥጧል። እሷ መደቡ ላይ ኩርምት ብላለች።

"እምዬ፣ ሰው ሁሉ የት ሄደ?"

"እኔስ ምኑን አውቄው ልጄ? በምን አስቀየምኋቸው እያልሁ ሳስብ ነው የዋልሁ።"

ስወርድ ከመኪናዬ አጠገብ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ አገኘሁ። ኮረብታውን በመኪና መንገድ ዞረው መምጣታቸው ነው፤ ላብ በላብ ሆነዋል።

"አባባ፣ በላይ በኩል አይቀርብዎትም?"

"ተዘግቷል እኮ ልጄ። እንጨቱን አላየኸውም?"

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር ቀድሞ የሄደ መንገደኛ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ የማይኬድበትን መንገድ ቅጠል ቆርጦ ያጋድምበታል፤ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጭንበታል። ከኋላ የሚመጣው ባልንጀራው ያን አይቶ በሌላው ይሄዳል። ይህን ሕፃንም ያውቃል። እንግዲህ መንግሥት ራሱ በመንገዱ አፍ ላይ እንጨት አጋድሞ፣ ቀይ ቀብቶ ሲያቆም ሰው ምን ይበል? በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩትም ጽሑፉን አነበቡና፣ ስሙ ከተጻፈበትማ መንግሥት ወስዶታል ማለት ነው ብለው በዳር ዞሩ። ቀስቱን እንደ ቀስት ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እኔ ደግሞ በመኪና እዚያ መውጣት አልችልም።

ባለፍሁ ቁጥር መስኮት ዝቅ አድርጌ "መንገዱ ክፍት ነው!" እያልሁ ጮኽሁ። "እሺ፣ እሺ" ይሉኛል፤ የሚሄዱት ግን በዳር ነው። አልፈርድባቸውም። በዚያ ዘመን የመንግሥትን እንጨት በሾፌር ቃል ማን ያልፋል?

ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ምልክቱን ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጉልኝ አልሁት። በሞጣ በኩል ያሉ ጓዶች ካልተስማሙ አንድም ምልክት አይነቃነቅም አለኝ። ሞጣ ስደርስ የቢቸና ጉዳይ ነው አሉኝ። ቢቸና ስመለስ፣ ነገሩን ደጋግሜ ባነሣ አሻጥር ሊመስልብኝ እንደሚችል በወዳጅነት መከሩኝ። በመጥረቢያ ልጥለው ተነሣሁ። እናቴ ሰማችና "ለጠላ ብዬ ልጄን ላሳስር? ተወው" አለች። ተውሁት።

ክረምቱን እንደምንም ገፋችው። ለመስቀል እንኳ ብቅ የሚል ሰው ሲጠፋ "በል ውሰደኝ" አለች። ጣራውን አፍርሰን እንጨቱንና በሩን ጫንን፤ አባቴ ያቆመው የድንጋይ ግድግዳ ቀረ። ቢቸና ካለችው ጠባብ ክፍሌ አልጋ ዘረጋሁላት። አብዛኛውን ቀን ተኝታ ትውላለች። ሥራ የማያልቅባት ሴት እንደዚያ ሆና ሳያት ልቤ ይደማ ነበር።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ታሪካዊውን መንገድ የሚጎበኙ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ። በላንድሮቨር እንድወስዳቸው ታዘዝሁ። ያ ሁሉ ምልክት ከተተከለ ጀምሮ ለእሱ ብሎ የቆመ መኪና ያ የመጀመሪያው ነው። እናቴ ወሬውን ስትሰማ ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች።

"እኔንም ውሰደኝ። ቤቴን ልየው።"

ለእንግዶቹ መንገዱን የሚያውቁ እናት ናቸው አልኋቸው። ደስ አላቸው፤ የፊት መቀመጫውን ለቀቁላት።

ከምልክቱ ሥር አቁሜ በእግር ወጣን። መንገዱን ሣርና እሾህ ውጦታል። እሷ ጉልበቷን እየደገፈች ከፊት ትመራለች፤ እነሱ እያለከለኩ ይከተላሉ። ከላይ ስንደርስ ግድግዳው ባዶውን ቆሟል፤ ውስጡ አረም በቅሎበታል። መነጽር ያደረገው እንግዳ ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰው።

"ይህማ የሲራራ ነጋዴዎች ማደሪያ ነው" አለ ለጓደኞቹ። "ቢያንስ መቶ ዓመት ይሆነዋል።"

አፌን ልከፍት ስል እናቴ እጅጌዬን ያዘችኝ። "ተዋቸው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ስንት አገር አቋርጠው መጥተው።" ከዚያ በሩ ወደነበረበት ሄዳ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆመች።

"እናት፣ እዚህ ማን ይኖር ነበር?" ብሎ ጠየቃት ባለመነጽሩ።

"ሰው" አለች።

ሌላኛው ካሜራውን ደቅኖ ትንሽ ጠበቀ። እሷ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

"እናታችን" አላት በትሕትና፣ "ፎቶው ላይ ጥንታዊው ቤት ብቻ እንዲወጣ ነው፤ እስቲ ትንሽ ዞር ይበሉልን።"

"ውይ፣ ይቅርታ ልጆቼ" አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ከገዛ ደጇ ዞር አለችላቸው።