ወፌ ቆመች ያላልኩበት ቀን

የያዙኝ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ ስሄድ ነው። ሚኒባሱን አስቁመው መታወቂያዬን አዩና «ውረጂ» አሉኝ። ወረድኩ። ቁስለኛ አክመሻል ነው ነገሩ። ጤና ኬላ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የመጣውን ሁሉ ቁስል አጥቤያለሁ። ማን ከማን ወገን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ያስገቡን አንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የጤፍ ብናኝ ከግድግዳው እየረገፈ ያስነጥሳል። መጀመሪያ ከገቡት አንዷ ስለነበርኩ በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ያዝኩ። የላሜራው በር ከሲሚንቶው አራት ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ ንፋስም ብርሃንም የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። በሳምንቱ ሃያ ሦስት ሴቶች ሆንን። ሌሎቹ እግራቸውን የሚዘረጉት በተራ ነበር። እኔ ካርቶኔን አንጥፌ ሙሉ ቁመቴን ተኛሁ። ቀድሜ ነው የመጣሁት ብዬ ማንንም አላስጠጋሁም።

ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የመጣች አንዲት ወጣት እናት ልጇን ታቅፋ የገባችው ያን ሰሞን ነው። ባሏን ሲያጡት እሷን ያዟት። ሌላ ቦታ ሁለት ወር አቆይተው ነው ወደ እኛ ያመጧት። ልጅቱ አሥር ወሯ ነው፤ ትቀመጣለች፣ ትስቃለች፣ አትድህም።

«የእህቴ ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ቤቱን ስታተራምሰው ነበር» አለች እናቲቱ። «የኔዋ ቁጭ ካለች ቁጭ ነው። እግሯ ሰልሎ ይሆን እንዴ?»

አንዷ «ብርድ ነው» አለቻት፤ ሌላዋ «ዓይን በልቷት ነው»።

ልጅቱ ከፍ ስትደረግ የእናቷን ሆድ በእግሯ እንዴት እንደምትገፋ አይቻለሁ። እግሯ ደህና ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከጭን አልወረደችም፤ የሚያስፈልጋት ወለል ነው። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ወለል ደግሞ የኔ ነበር።

«አንቺስ እህቴ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጽሕፈት ቤት ነው» አልኳት።

አምስት ቀን እንደዚያ አለፈ። እናቲቱ መዳፏን በምራቋ እያራሰች የልጅቱን እግር ታሻለች፤ እንዲፍታታላት ትጎትተዋለች። ልጅቱ ትጮኻለች። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዞራለሁ።

በስድስተኛው ቀን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ለመነሣት ሞከሩ። ሁለት ሴቶች ደግፈው አቆሟቸው።

«ኑ፣ እንቁም» አሉ። «እኛ ከቆምን ለልጅቱ ቦታ ይወጣል።»

«እርስዎማ አይችሉም፣ እማ» አለች እናቲቱ።

«አብሽሪ ልጄ። አላህ ጉልበት ሲሰጠኝ መቆምን ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም። አሁን ልቁምላት።»

ሁሉም ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አሮጊቷ ብቻ ወደኔ ጎንበስ ብለው፣ ከልባቸው ነው፣ «አሞሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አላመመኝም» አልኩ። ካርቶኔን ጠቅልዬ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት እንቆም ነበር። ልጅቱ መጀመሪያ አለቀሰች። ቆይታ በእጇና በጉልበቷ ሆና ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ ጀመረች። አንድ ቀን ሳናስበው እጇን አነሣች፤ ጉልበቷ ተከተላት። እናቷ ነጠላዋን የራሷ አፍ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ እልልታዋን ጠባቂዎቹ እንዳይሰሙት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እየዳኸች መጥታ ቀሚሴን ያዘች። ጣቶቿ አንድ በአንድ ጨርቁን ሲጨብጡ ተሰማኝ። የእግሯ ጣቶች ሲሚንቶው ላይ ተበተኑ፤ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፣ ታጠፈ፣ እንደገና ቀና አለ። ስንት ዓመት «ቆሟል» እያልኩ በካርድ ላይ ምልክት ሳደርግ ኖሬ፣ ሕፃን ለመቆም ይህን ያህል እንደሚታገል ልብ ብዬ አላየሁም ነበር።

«ወፌ ቆመች!» አሉ ሴቶቹ በሹክሹክታ። «ወፌ ቆመች!» እኔ አፌ እምቢ አለኝ። ልጅቱን እንዳትወድቅ በሁለት እጄ ይዣት ቆምኩ።

ባለፈው ዓመት ሐይቅ ገበያ መሐል እናቲቱን አገኘኋት። ልጅቱ በሸቀጡ መሐል ትሮጣለች፤ አንድ ቦታ ማቆም አልተቻለም። እናቲቱ አብራት የነበረችውን የራሷን እናት ጎተተችና፣ «እቺ ናት፣ ቦታዋን ለልጄ የለቀቀችው» አለቻት። ሴትዮዋ ትከሻዬን ሳመችኝ። «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፤ እንዳንቺ ያለውን ያብዛው» ብላ መረቀችኝ።

«አሜን» አልኩ። ሌላ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ባጃጃቸው መጣና ሄዱ።

ያላልኩትን ይኸው እዚህ ጻፍኩት። ስንፈታ ግን እናቲቱ ጣቷን ቀለም ነክራ ስትፈርም አይቻለሁ። እንደማታነበው አውቃለሁ።