ሳይቀመስ የማይጠጣ ውሃ

አያቴ ሳይቀመስላቸው ውሃ አይጠጡም ነበር። መካነ ሰላም፣ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው እንኳ «እስቲ ቅመሺው» ይሉኛል፤ በመዳፌ ጠብ አድርጌ እስክውጠው ዐይናቸውን ከጉሮሮዬ ላይ አይነቅሉም።

አክስቴ ከጂዳ ደውላ «ይምጡና ዑምራ ያድርጉ» ስትላቸው ማንንም ሳያማክሩ ብድግ ብለው ሄዱ። ታመው ተመለሱ። ሐኪሙ ኩላሊት ነው ቢልም አላመኑትም።

«ያ የታሸገ ውሃ ነው! ልጄ ‹የታሸገ ነው፣ አይስጉ› ብላ አጠጣችኝ። ሲያሽጉትስ ማን ቀመሰው?»

እኔም እስከ ዛሬ የታሸገ ውሃ አላምንም።

በመጨረሻው ቀን ግን የሰጠኋቸውን ሳያስቀምሱኝ ጠጡት። ደነገጥኩ።

«ምነው አባባ፣ ሳልቀምስልዎ?»

«ከእንግዲህ ምን ያደርገኛል?»

አሁንም ውሃ ቀድቼ፣ ቀምሼ፣ ወደ መደባቸው ስዞር ጣሳው እጄ ላይ ይቀራል። አላህ እዚያም ቀምሶ የሚሰጣቸው አያሳጣቸው።